አራተኛው ማኪያቶ

በመናኸሪያው አጠገብ አንዲት ምላሰኛ ሴት ስድስት በርጩማ ብቻ የሚይዝ ካፌ ነበራት። አንድ ቀን ጠዋት የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ መንክር ገብተው ሁለት ሰው አስነሡና ተቀመጡ።

«ማኪያቶ!» አሉ።

የመጀመሪያውን ጠጥተው ሲጨርሱ፣ «ጠቁሯል፤ ቀይሪው» አሉ። ሁለተኛውንም ጨለጡና፣ «ይሄ ደግሞ ወተት ብቻ ነው» አሉ። ሦስተኛውን አረፋውን ሳይቀር በማንኪያ ጠራርገው ካበቁ በኋላ፣ «ቀዝቅዟል» ብለው መለሱት። ከዚያም ከቦርሳቸው «ታሽጓል» የሚል ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

«ስሚ አንቺ፣ አራተኛው ካልጣመኝ ይህን በርሽ ላይ እለጥፈዋለሁ።»

የሰፈሩ ነጋዴዎች የሆኑት ደንበኞቹ ሦስቱም ስኒ ባዶ መሆኑን አይተዋል። ነገር ግን የእነሱም ንግድ ፈቃድ በእኚሁ ሰው እጅ ነበርና አንድም የተነፈሰ አልነበረም።

ሴትዮዋ አራተኛውን አምጥታ ፊታቸው አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ያልጣመዎትን ሦስቱን ጠብታ ሳያስቀሩ ጨርሰዋል። እንግዲህ ይሄኛውን አንድ ጊዜ ፉት ይበሉትና ከጣመዎት እንዳለ ይተዉልኝ። ከጨረሱት ግን እንዳልጣመዎት ይገባኛል፤ አምስተኛውን ሳልጠየቅ አቀርባለሁ።»

ከወደ ጥግ አንዱ ሳቁ አመለጠው፤ ቤቱ ሁሉ ተከተለው።

አቶ መንክር አንድ ጊዜ ፉት አሉ። ጣማቸው። ቀና ሲሉ ያ ሁሉ ሰው እጃቸውን ያያል።

«ጥሩ ነው» አሉና ወረቀታቸውን አጥፈው፣ የሞላውን ስኒ በዓይናቸው እየተሰናበቱ ወጡ።