የቆርቆሮው ሳጥን ማያዣ ሲመርጥ

ተረት ልንገራችሁ? "ንገረን" በሉ እንጂ! ስልክ የያዘ ስልኩን ያስቀምጥ፣ ወንበር ያጣ መሬት ይቀመጥ።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንድ ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ የቆርቆሮ ሳጥን ይኖር ነበር። ሥራው መብራት ተቀብሎ ለወፍጮው ማቀበል ነው። ይህንኑ እንደ ሹመት ቆጥሮት ሆዱን ነፍቶ ይውላል።

አንድ ቀን አዲስ ገመድ መጣና በሳጥኑ ቀዳዳ ሊገባ ሲል ደንግጦ ቆመ።

"ጌታዬ ሳጥን፣ የቀዳዳዎ ጠርዝ ስለት ነው፤ እኔ ደግሞ ቆዳዬ ስስ ነው። ወፍጮው ሲንቀጠቀጥ ይቆርጠኛል። እባክዎ፣ ቀዳዳው ላይ ገጥሞ አንገቴን የሚይዝልኝ ማያዣ ይፈልጉልኝ" አለ።

"ይታሰብበታል" አለ ሳጥኑ። ኮሚቴም አቋቋመ። ራሱ ሰብሳቢ ሆነ፣ ሆዱ ውስጥ የምትኖረው አይጥ ጸሐፊ ሆነች። ጎኑ የተሰቀለው የመብራት ቆጣሪም አባል ሆነ፤ እሱ መቁጠር እንጂ ማሰብ አልለመደም።

በመጀመሪያው ቀን የነሐስ ማያዣ መጣ። ያብረቀርቃል፤ ግን ሁለት ገመድ ጎን ለጎን ያሳልፋል። ሦስት ሽማግሌም አስቀድሟል፦ ዝገታም ምስማር፣ ጥርሱ ያለቀ ብሎንና ሥራ የፈታ ማብሪያ ማጥፊያ።

"ልጃችን ጨዋ ነው" አሉ ሽማግሌዎቹ።

"ያስታውቃል" አለ ሳጥኑ።

"ስፋቱስ?" አለ ገመዱ።

"ዝም በል! በሽማግሌ ፊት ስፋት ይጠየቃል?"

በሁለተኛው ቀን የፕላስቲክ ማያዣ መጣ። ጠባብ ነው።

"እሱንማ አውቀዋለሁ፣ አብረን ነው ያደግነው!" አለች አይጧ።

"እኔን ያስገባኛል?" አለ ገመዱ።

"አንተ ትንሽ ክሳ!"

በሦስተኛው ቀን አንድ ደብዛዛ የብረት ማያዣ መጣ። "ቀዳዳውን ልለካ፣ ገመዱንም ልለካ። ከገጠምኩ እሠራለሁ፣ ካልገጠምኩ እሄዳለሁ" አለ።

"የእኔን ቀዳዳ ልትለካ? ለመሆኑ ማን ልኮህ ነው?" ሲል ሳጥኑ ተቆጣ።

"ማንም አልላከኝ።"

"እንግዲያው ደጅ ቆይ!"

ኮሚቴው መከረ። "ሽማግሌን ባዶ እጁን መመለስ ነውር ነው" ብሎ ነሐሱን ሾመ። ነሐሱ ሰፍቶ ሲወዛወዝ ክፍተቱን በጨርቅ ወተፉት። "ለጊዜው ነው" አሉ። እኔ እንደሆን ከእባብ ይልቅ "ለጊዜው" የሚባለውን ነገር እፈራለሁ።

ወፍጮው ሲነሣ ጨርቁ ወደቀ፣ ነሐሱ ተንሸራተተ። "ኧረ ቆዳዬ! ኧረ አንገቴ!" እያለ ገመዱ ጮኸ። ማን ሰምቶት! ቆዳው ተገዝግዞ መዳቡ ቆርቆሮውን ነካ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ትደነቂያለሽ ሳጥኑን ብትነካው መብራቱ አንሥቶ ዱቄት ውስጥ ወረወራት። እንደ ምንም ብላ ነጭ ሆና ተነሣች።

"ሰው ልትፈጁ ነው እንዴ! ማነው ይህን የመረጠ?"

ሳጥኑ አይጧን አየ፤ አይጧ ቆጣሪውን፣ ቆጣሪው ሽማግሌዎቹን። ሽማግሌዎቹ ግን ሌላ ቤት ለሽምግልና ሄደዋል።

ባለሙያ ተጠራ። መብራቱን አጠፋ፤ የገመዱን ቁስል አንድ ክንድ ያህል ቆርጦ ጣለ። ብረቱን ከደጅ አንሥቶ ለካ፣ ገጠመ፣ አጠበቀ። ወፍጮው ተነሣ፤ ገመዱም ንቅንቅ አላለም።

ኮሚቴው ምን ቢል ጥሩ ነው? "በእኛ ጥልቅ ጥናት ብረቱ ተመረጠ" ብሎ ቃለ ጉባኤ ጻፈ።

"የተቆረጥኩትን ክንድስ የት ጻፋችሁት?" አለ ገመዱ።

"እሱ አጀንዳ አልነበረም" አሉት።

ተረቴን ተቀበሉኝ፣ ውኃም አቀብሉኝ። ይህችን ግን አትርሱ፦ መራጭ ሲያደላ የሚቆረጠው መራጩ አይደለም፤ ገመዱ ነው።