ሐዋ የደፋቻቸው ዛጎሎች

አንዲት የሕፃናት መምህርት በባሕር ዳርቻ መንደር ትኖር ነበር። የመንደሯ ወንዶች ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ በጋ ሲገባ ይወጡና ከወራት በኋላ ይመለሳሉ። መመለሻቸው ሲቃረብ ሕፃናቱ ከዳርቻው ዛጎል ይለቅማሉ፤ በሰፋፊ ጣውላ ላይ በሙጫ እየለጠፉም ያሻቸውን ይሠራሉ። ጀልባው በሚደርስበት ቀን እናቶች በየቤታቸው ይጠብቃሉ፤ ጣውላዎቹ በአሸዋው ላይ ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ልጅ ከገዛ ጣውላው ጀርባ ተደብቆ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። አባት የልጁን እጅ ሥራ ለይቶ ልጁን ከተደበቀበት ያወጣዋል። ልጁ በሞት የተለየችው አባት ግን ጣውላዋን አያገኝም። በዚያች መንደር መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነበር።

መምህርቷ ልጆቹን ትወዳለች፤ ይህን ማንም አይክዳትም። ብቻ «ሰው ምን ይለኛል» ማለት ታበዛለች። በዚያ ዓመት ከከተማ እንግዶች ይመጣሉ ሲባል ሰማችና ጭንቅ ገባት። የአንዱ ልጅ ዓሣ ድንች ይመስላል፤ የሌላው ጀልባ ተገልብጧል። አምስት ዓመት ያልሞላት ሐዋማ ዛጎሉን ሁሉ አፉን ወደ ታች ደፍታ ለጥፋዋለች፤ አምናም እንዲሁ ነበር ያደረገችው።

«ሐዋዬ፣ የሚያምረው እኮ ውስጡ ነው። ለምን ደፋሽው?»

«እንዳይበርደው ነዋ!» አለች ሐዋ፣ ትልቅ ሰው ይህን አለማወቁ እየገረማት።

መምህርቷ ስቃ ሳመቻት። ልጆቹ ለምሳ ሲሄዱ ግን ሙጫው ሳይደርቅ ቶሎ ቶሎ ሥራውን ሁሉ አቃናችው። ዓሣው ዓሣ መሰለ፤ ጀልባው ቆመ፤ የሐዋም ዛጎሎች ውስጣቸው ወደ ላይ ሆኖ አብለጨለጨ። እንግዶቹም አደነቁ። ኩል እኳላለሁ ብላ ዓይን አጠፋች ማለት ይህ ነው።

ጀልባው ሲደርስ የሐዋ አባት ከሁሉ ቀድሞ ዘለለ። የተደፋ ዛጎል እየፈለገ ከጣውላ ጣውላ ሄደ። አንድም የለም። ተመልሶ እንደገና አየ። ሐዋ እርምጃውን በአጠገቧ እየሰማች፣ ሕጉ ሕግ ነውና አፏን በሁለት እጇ አፍና ጠበቀች። አባት በአሸዋው ላይ ተንበረከከ።

«ልጄን መቼ ቀበራችኋት?» አለ።

ያን ጊዜ ሐዋ መታገሥ አልቻለችም። እየሮጠች ወጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«አለሁ እኮ አባዬ! ለምን አልፈኸኝ ሄድክ?»

አባት እያነባ ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዛት። ከዳር ሆና ታይ የነበረችው መምህርት መጥታ አጠገባቸው ቁጭ አለች፤ እርሷም ታለቅስ ነበር።

«አባትሽ አላጠፋም የኔ ልጅ» አለቻት። «እርሱ ሲፈልግ የነበረው አንቺን ነው፤ ያገኘው ግን የኔን እጅ ነው።»

ወዳጆቼ፣ የሕፃን ሥራ ይንጋደዳል። ይንጋደድ! ልጁ ያለው እዚያው መንጋደዱ ውስጥ ነው። እኛ በፍቅርም ቢሆን ባቃናነው ቁጥር ሥራው ያምራል፤ የሠራው ልጅ ግን ከውስጡ ይወጣል። ነገ ልጅዎ የሠራችውን ይዛ ስትመጣና እጅዎ ለማረም ሲቸኩል እስቲ ራስዎን ይጠይቁ፤ የሚያርሙት ለእርሷ ብለው ነው ወይስ ለእንግዳው?