ያልተቀደደው ገጽ

ወገኖቼ፣ በአንዲት የጎጃም ከተማ ስንዴ የሚነግዱ አንዲት እናት ነበሩ። መጋዘናቸው ቆርቆሮ ነው፤ ሚዛናቸውም አሮጌ ነው። ስማቸው ግን በገበያው የታፈረ ነበር።

ንግዱን ያወረሷቸው አባታቸው ፊደል አልቆጠሩም። ታዲያ እንዴት ይነግዱ ነበር? በሁለት ቅል! አንድ ጆንያ በገባ ቁጥር ሻጩ በአንዱ ቅል፣ ገዢው በሌላው ቅል ጠጠር ይጥላል። ሲጨርሱ ጠጠሩ ጎን ለጎን ይቆጠራል። ሁለቱ ካልተስማሙ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እኚህ እናት ቅሉን በሁለት ደብተር ተኩት እንጂ ሥርዓቱን አልተዉም።

አንድ ዓመት ገበያው ቀዘቀዘና መጋዘኑ ሊዘጋ አንድ ሐሙስ ቀረው። ያኔ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የዓመት ውል የሚሰጠው ነጋዴ ፈለገ፤ መዝገብ የምታይ ኦዲተርም ላከ።

ልጃቸው አስቻለው ኮሌጅ ገብቶ ሂሳብ አያያዝ የተማረ ነው። ደብተሩን ሲያገላብጥ አንድ ገጽ ላይ ደነገጠ። በእናቱ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «ሚዛኔ ተበላሽቶ ለአቶ ደምመላሽ አሥራ ሁለት ኩንታል አጉድያለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። መልሻለሁ።»

«እማዬ፣ ይሄን ገጽ ቀደን እንጣለው! ሰውየው ራሱ እኮ አላወቀም ነበር።»

«አባቴ ጠጠር ሲጎድለው ከመንገድ አንስቶ አልጨመረም» አሉ። «ውሉ ይቅርብኝ።»

እንዲህ ይበሉ እንጂ ሌሊቱን ሲያሰሉ አደሩ። ልጅ አስተምረውበታል፣ ሦስት ወዛደር ያድርበታል፤ ያ መጋዘን ቢዘጋ ምን ሊበሉ ነው?

ኦዲተሯ መጣች። አነበበች። እዚያ ገጽ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ወይዘሮ ይርገዱ፣ ይህን ጻፉ ብሎ ማን አስገደደዎት?»

«ማንም።»

«ገዢውስ ጉድለቱን በምን አወቀ?»

«እኔው ሄጄ ነገርኩት፣ ልጄ።»

ኦዲተሯ ሳቀች። «ስድስት ነጋዴ አይቻለሁ፤ የስድስቱም መዝገብ እንከን የለውም። ዓመቱን ሙሉ የማይሳሳት ሚዛን ግን አላየሁም! እኔ የማምነው ይህን ደብተር ነው።» ውሉ ተፈረመ። አስቻለው የአያቱን የሁለት ቅል ታሪክ ለኦዲተሯ ሲተርክላት ደረቱን ነፍቶ ነበር። «እኛ ኮሌጅ አራት ዓመት የተማርነው ይህንኑ፣ ሁለት መዝገብ ማመሳከርን ነው» አለችው። ደስ አይልም?

ወገኖቼ፣ ሂሳብ መያዝን ኮምፒውተር ያመጣው እንዳይመስላችሁ። ሰው ገና በጥንት ጊዜ እህሉን በጭቃ ላይ እየጫረ መዝግቧል። የእኛ አባቶችማ የርስቱን ውል በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ይጽፉት ነበር። ለምን እዚያ? እዚያ ላይ ማን ደፍሮ ይዋሻል! የዚህ ሕዝብ ልጆች ነን፤ ልንኮራ ይገባናል።

ግን በአባት ክብር ብቻ አይኖርም። እናንት ነጋዴዎች፣ ስንት መዝገብ አላችሁ? አንዱ ለግብር፣ አንዱ ለሸሪክ፣ አንዱ ለራስ? እናንተስ ነጋዴ ያልሆናችሁ፣ ባልና ሚስቶች፣ ጎረቤታሞች፣ የሰውን ጥፋት ቀኑን ሳትስቱ ይዛችኋል። የራሳችሁን ጥፋት የጻፋችሁበት አንድ መስመር አላችሁ?

ከሌላችሁ ዛሬ ጻፉ። ያጎደላችሁበትን ሰው ስም ጻፉ። ነገም እሱ ሳያውቅ፣ ሳይጠይቃችሁ፣ ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ።