አሥራ አራቱ ንጹሕ ዓመታት

«አሥራ አንድ ዓመት፣ ጋሼ። አንድ ቀን እንኳ ካሳ ጠይቄ አላውቅም» አለች ትርሲት። «ታዲያ ይኼ ሁሉ ዓመት ለሁለተኛዋ መኪና ለምን አይተርፋትም?»

የምትጠይቀው ጋሽ ወንድይፍራውን ነው። ከአንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ውል ጸሐፊ ነበሩ፤ ኋላ የተጋጨ መኪና እያዩ ጉዳት ሲገምቱ ኖሩ። የሰፈሩ ሰው ዛሬም ውል ሲያድስ ወይም ሲጋጭ ቀድሞ እሳቸው ቤት ይመጣል።

ትርሲት የመጣችው ከታናሽ ወንድሟ ከኢዮስያስ ጋር ነው። ኢዮስያስ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሦስት ወሩ ነው። ሁለተኛዋን መኪና የገዛችው ለእሱ ነው፤ ሥራ ቦታው ሩቅ ነው፣ የታክሲ ሰልፉም ረጅም ነው። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስለ እሱ ሲወራ ጫማውን ያያል።

«ይኼንን ያዩታል? ትናንት ግቢ ውስጥ ሲያቆም የልብስ ማስጫውን ገመድ ጎትቶ ሦስት አንሶላ ይዞ ገባ።»

«ሁለት ነው» አለ ኢዮስያስ ቀስ ብሎ።

ነገሩ ይኼ ነው። ትርሲት ካሳ ሳትጠይቅ በኖረችበት ዓመት ልክ ኢንሹራንሱ ከዓመት ክፍያዋ ላይ ይቀንስላታል። ሁለተኛዋ መኪና ግን ከዜሮ ትጀምራለች ተብላለች። የሚነዳት ጀማሪ ከሆነ ደግሞ ክፍያው ከፍ ይላል። ስለዚህ አንድ ነገር አሰበች። ሁለቱንም መኪኖች በአንድ ውል፣ በራሷ ስም ማስገባት። የምነዳቸው እኔ ነኝ ማለት። ቅናሹም ይቆያል፣ ኢዮስያስም ይነዳል።

«ይቻላል ወይስ አይቻልም? እሱን ብቻ ይንገሩኝ። ቅዳሜ ስለሆነ ቢሮው በስድስት ሰዓት ይዘጋል።»

ጋሽ ወንድይፍራው መነጽራቸውን አወለቁ። እንዲህም ብለው ነገሯት።

*

መኪናው ጭረት የማታውቅ አንድ ሰው ነበረ። አሥራ አራት ዓመት ነዳ። አሥራ አራት ዓመት ከማንም ጋር አልተነካካም። ዝናብ ሲጥል አይነዳም። ዛፍ ሥር አያቆምም። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት መንገድ ካለ ዞሮ ይሄዳል። ጎረቤቶቹ «እሱ መኪናውን አይነዳትም፣ ያስታምማታል» ይሉ ነበር።

ውሉን ባደሰ ቁጥር ቅናሹ የተጻፈበት ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቶቹን በክላሰር አድርጎ በየዓመታቸው ደርድሯል። ሌላው ሰው የልጁን የምረቃ ፎቶ ለእንግዳ እንደሚያሳይ፣ እሱ ክላሰሩን ያሳይ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። በኑሮው ሰው የሚያመሰግንለት ነገር ብዙም አላገኘም። ይኼን አገኘ፤ ያዘው።

ሚስቱ አስተማሪ ናት። ትምህርት ቤቷ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ሦስት ታክሲ ትቀያይራለች፤ በክረምት እግሯ ሳይደርቅ ክፍል ትገባለች። ሰውየው አዘነላትና ሁለተኛ መኪና ገዛላት። ትንሽ፣ ሰማያዊ።

ወደ ኢንሹራንስ ቢሮ ሄደ። ውል ጸሐፊው የሁለተኛዋ መኪና ዘመን ከዜሮ እንደሚቆጠር ነገረው። ሰውየው ቅር አለው። አሥራ አራቱን ዓመት የተጠነቀቅኩት እኔ ነኝ እንጂ ቆርቆሮው አይደለም አለ። ጸሐፊው ወጣት ነበር። ደንበኛ ፊቱ ሲጠቁር ማየት አይወድም። ስለዚህ መላ ሰጠው፦ ሁለቱንም በአንድ ውል እናስገባቸው፤ የምትነዳቸው አንተ ነህ እንበል፤ ቅናሹ ለሁለቱም ይሆናል። አንዷ ከተጋጨች ግን የሁለቱም ይጠፋል።

ሰውየው ደስ ብሎት ፈረመ።

በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን ሲሰጣት «አሥራ አራት ዓመቴን ይዘሽ ነው የምትወጪው፤ አደራ» አላት። እየሳቀ ነው ያላት። እሷም ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን መሪ ስትይዝ መዳፏን ያልባት ነበር።

*

ሰኔ። ሐሙስ ቀን። ዝናብ።

ሴትየዋ የፈተና ወረቀቶች ከኋላ ወንበር ጭና ስትመለስ፣ ጭድ የተጫነ አህያ መንገዱ ውስጥ ገባባት። አህያውን አዳነችው። መኪናዋ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላተመች። ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ከመሪው ጋር ተመታ።

እንዲህ ሲሆን የሚደረገው የታወቀ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ይጠራል፣ የአደጋው ፕላን ይነሳል፣ ወረቀቱ ለኢንሹራንሱ ይሄዳል። የተሰበሰቡት ሰዎችም ፖሊስ እንጥራልሽ አሏት። እምቢ አለች። እጅሽ አብጧል፣ ሐኪም ቤት እንውሰድሽ አሏት። እሱንም እምቢ አለች፤ ሐኪሙ ምን ሆነሽ ነው ሲል የሚጻፍ ነገር አለ ብላ ፈራች። ከመንገዱ ማዶ የላሜራ ቀጥቃጭ ጋራዥ ነበር። መኪናዋን ገፍተው አስገቡላት። እሷ በታክሲ ቤቷ ገባች።

ለባሏ ፍሬኑ ድምፅ ስላሰማ መኪናዋን መካኒክ ጋ ትቼ መጣሁ አለችው። ጥሩ አደረግሽ፣ በፍሬን አይቀለድም አላት።

አምስት ቀን እንዲህ አለፈ። በነጠላዋ ጫፍ እጇን ጠቅልላ ያዘች። የፈተናውን ወረቀት ሌሊት አርሜ ጨረስኩት አለችው፤ ገና አልነካችውም። አስቸጋሪው ገበታው ነበር። ከባሏ ጋር በአንድ ትሪ ነው የሚበሉት። በግራ እጇ ብትበላ ያያታል። ስለዚህ የሰኔን ጾም ዘንድሮ አጥብቄ ይዣለሁ፣ ቆይቼ እበላለሁ አለችው። አመናት። እንዲያውም አከበራት። እሱ በልቶ ሲነሳ እሷ ጓዳ ገብታ ቆማ በግራ እጇ ትጎርሳለች።

በስድስተኛው ቀን ቀጥቃጩ ስለ ቀለሙ ሊጠይቅ ወደ ቤት ደወለ። ስልኩን ያነሳው ባልየው ነው።

ሄደ። መኪናዋን አያት። ኮፈኗ ታጥፏል፣ አንድ የፊት መብራቷ የለም። መጀመሪያ የጠየቀው ፖሊስ አይቷት እንደሆነ ነው። ቀጥቃጩ ፖሊስ አልተጠራም አለው። ሰውየው ትንፋሹን ለቀቀና እግዚአብሔር ይመስገን አለ።

ቀጥቃጩ መዶሻውን አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠራረገ።

«የሴትየዋ እጅስ እንዴት ሆነ?» አለው።

ሰውየው የትኛው እጅ እንደሆነ እንኳ አያውቅም።

*

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ፊቱን አይታ አወቀች። የተናገረችው ይኼን ብቻ ነው፦

«ወረቀትህን አላስነካሁትም።»

ነጠላውን እሱ ገለጠው። 

አጥንቱ ተሰብሮ ነበር። ያለ ቦታው መግጠም ጀምሮ ስለነበር ሐኪሞቹ አላቅቀው እንደገና አሰሩት። ዳነ፤ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ጠመኔ ስትይዝ ጣቷ ይከዳታል።

በማግስቱ ሰውየው ኢንሹራንስ ቢሮ መጣ። ግጭት አለ፣ ጻፍልኝ አለ። ጸሐፊው ሊመክረው ሞከረ። የማመልከቻው ቀን አልፏል። ፕላን አልተነሳም። ምንም ካሳ አታገኝም፤ ቅናሹን ግን ታጣለህ። ዝም ብትል ማን ያውቅብሃል አለው።

ሰውየው ቁጭ አለ። «የምትነዳት ሚስቴ ናት ብለህ ጻፍ» አለ። «ተጋጭታለች ብለህ ጻፍ። እጇ ተሰብሯል ብለህ ጻፍ።»

ጸሐፊው ቅጹን አገላብጦ አየ። ስለ መብራት፣ ስለ ኮፈን፣ ስለ መስታወት የሚሞላ ቦታ አለ። ስለ ነጂዋ እጅ የለም። ቦታ የለውም አለው።

«ጠርዙ ላይ ጻፈው።»

ጠርዙ ላይ ጻፍኩት።

*

ጋሽ ወንድይፍራው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ወደ ትርሲት ዞሩ።

«ያን መላ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሰው የጠቀምኩ መስሎኝ ነበር» አሉ። «አሁን አንቺ ይቻላል ወይ አልሽኝ። የማትነጂውን እነዳለሁ ብለሽ ብትፈርሚ ውሸት ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ኩባንያው ላለመክፈል ምክንያት ያገኝበታል። ይኼንንማ ቢሮው ውስጥ የተቀመጠችው ልጅም ትነግርሻለች። የእኔ ነገር ሌላ ነው። ሰውየው አንቺ ነሽ፤ ሚስቱ ይኼ ወንድምሽ ነው።»

ኢዮስያስ ቀና አለ።

«አሥራ አንዱ ዓመት የድካምሽ ነው፤ ይባረክልሽ። እሱ ላይ ስትጭኚው ግን የሰው ዕቃ ይሆንበታል። የሰው ዕቃ ተሸክሞ የወደቀ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ጉልበቱ እየደማ ዕቃውን ነው የሚያገላብጠው። ከዜሮ ይጀምር፣ ልጄ። ዜሮ ይዞ የወጣ ሰው ቢወድቅ የሚደብቅሽ ነገር የለውም።»

«ውድ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«ውድ ነው» አሉ። አላስተባበሉም።

ኢዮስያስ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ እኮ በታክሲም እሄዳለሁ፣ ሰልፉን ለምጄዋለሁ አለ። ትርሲት «አንተ ዝም በል» አለችው፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም። ቦርሳዋን አንስታ ቆመች።

«በራሱ ስም ይሁን» አለች በመጨረሻ።

ጋሽ ወንድይፍራውን ተሰናበቱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ኢዮስያስ ቆም አለ።

«ብጋጭስ?»

«ትደውልልኛለህ።»

«ምን ብዬ?»

ትርሲት የበሩን እጀታ ይዛ አየችው። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«ምንም አትበል» አለች። «መጀመሪያ ስለ ራስህ የምጠይቅህ እኔ ነኝ።»

እሱን አስቀደመችው። ተከትላው ወጣች። በሩ ተዘጋ።