ኮርቻ ሰፊውና ቀይ ቀለሙ

ጠጋ በሉማ ልጆቼ፤ ምላስ ቤት ሲያድን ልንገራችሁ።

በአንድ አሮጌ ከተማ አንድ ኮርቻ ሰፊ ነበር። ከአያቱ የወረሳት ሰገነት ያላት የጭቃ ቤት ነበረችው፤ ከእሷ ሌላ መግቢያ የለውም።

ታዲያላችሁ፣ ከተማው የጥንት ቤቶቹን ሊያስመዘግብ አሰበና ሥራውን ለአቶ ልሳነወርቅ ሰጠ። ወይ ጉድ፣ እኒያ ሰውዬ! ጥላቸው እንኳ ሲቀድማቸው የሚቆጡ ነበሩ። ገና ዕቅዱ ሲወጣ፣ «ትልቅ ሰው ያልገባበት ቤት ቅርስ አይደለም፤ ይፈርሳል» አሉ።

የሚፈርሰው ቤት ምልክት የሚደረግበትን ቀይ ቀለም ይዘው ኮርቻ ሰፊው ዘንድ ደረሱ። ጎረቤቱ ሁሉ ተከትሏቸው በር ላይ ቆመ። እሳቸው ዘው ብለው ገቡና፣ ማንም ተቀመጡ ሳይላቸው ከፍ ያለው መደብ ላይ ጉብ አሉ።

«በል ንገረኝ፣ እዚህ የትኛው ትልቅ ሰው ገብቶ ያውቃል?»

ኮርቻ ሰፊው አቀርቅሮ አሰበ። ቢዋሽ ጎረቤት ያውቃል፤ እውነቱን ቢናገር ቤቱ ሊሄድ ነው። ቀና ሲል ግን አቶ ልሳነወርቅ እግራቸውን አነባብረው፣ ደረታቸውን ነፍተው አያቸው። ሳቁ መጣ፤ ዋጥ አደረገው።

«ጌታዬ፣ እስከ ዛሬ ማንም አልገባም። ዛሬ ግን እርስዎ ገብተው ተቀምጠዋል። ትልቅ ሰው ከሆኑ ቤቴን ይመዝግቡልኝ። አይ፣ ትልቅ አይደለሁም ካሉ ደግሞ እዚሁ ጎረቤቶቼ ፊት ይናገሩና ያፍርሱት።»

በር ላይ ያለው ሁሉ የአቶ ልሳነወርቅን አፍ አፍ አየ።

ቤቱ ዛሬም አለ ልጆቼ። በሩም ላይ በዚያው በቀይ ቀለም፣ በራሳቸው በአቶ ልሳነወርቅ እጅ፣ «ታላቅ ሰው የተቀመጠበት ቤት» ተብሎ ተጽፏል።