አብረው የታሰሩት ሽቦዎች

አንድ ሥርዓት የሚወድ የፓስታ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ ስሙ ልሳነወርቅ ይባላል። ጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ ተጣሞ ካየ ስብሰባ አቋርጦ ያቀናል። ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ነገሮች ለምን እንደሚበላሹ የማወቅ ጉጉት ነበረው፤ ችግሩ ጉጉቱ ቶሎ መጥገቡ ነው።

አንድ ሰሞን የማድረቂያው ክፍል የሙቀት መለኪያ አመል አወጣ። ስድሳ ላይ በሰላም ቆይቶ ድንገት ዘጠና ይላል። ዘጠና ሲል ማሽኑ እሳት የተነሳ መስሎት ራሱን ያጠፋል፤ ውስጥ ያለው ማካሮኒም ይሰነጣጠቃል። ልሳነወርቅ መለኪያውን ሦስት ጊዜ አስቀየረ። አዲሱ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ሲፈተሽ ልክ ነው፤ ቦታው ላይ ሲገጠም ያብዳል።

መዝገብ ሲያገላብጥ ማሽኑ የቆመው ሁልጊዜ በጠዋት ፈረቃ፣ እታፈራሁ የምትባል ሠራተኛ ስትቆጣጠር ሆኖ አገኘው። በቃ፣ ነገሩ የተገለጠለት መሰለው። "የምትነካካው እሷ ናት" አለና የስንብት ደብዳቤ አስጽፎ ጠራት።

እታፈራሁ በዚህ ሥራ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ከእንጀራዋም በላይ ግን ስሟ አንገበገባት።

"ጌታዬ፣ መለኪያው የሚያብደው አዲሱ ማራገቢያ ሲነሳ ብቻ ነው" አለችው። "ማራገቢያው የሚነሳው ደግሞ ለማካሮኒ ነው፤ ማካሮኒ የሚደርቀው በእኔ ፈረቃ ነው።"

"ማራገቢያው ከመለኪያው ሃያ ሜትር ይርቃል። ምን አገናኛቸው?"

"እኔም ማወቅ የምፈልገው እሱን ነው።"

ልሳነወርቅ ሊቆጣ አስቦ ነበር፤ ጥያቄው ግን ከሆዱ ገባ። ደብዳቤውን ኪሱ ከተተና ጡረታ የወጡትን የፋብሪካውን ኤሌክትሪሺያን ጋሽ ምንውየለትን አስጠራ።

ሽማግሌው አንዲት አሮጌ የእጅ ሬዲዮ ብቻ ይዘው መጡ።

"ዜና ሊሰሙ ነው እንዴ፣ ጋሼ?" አለ ልሳነወርቅ።

"አዎ፣ የግድግዳውን ወሬ" አሉት።

ሬዲዮኗን ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ አድርገው ማራገቢያውን አስነሱ። መለኪያው አጠገብ ሲይዟት እምብዛም ድምፅ አልነበራትም። ግድግዳውን ተከትለው ሽቦዎቹ የሚያልፉበት ጋ ሲደርሱ ግን ጥርስ በሚያፋጭ ድምፅ ጮኸች። ማራገቢያውን አስጠፉ፤ ጸጥ አለች። አስነሱት፤ ጮኸች። ልሳነወርቅ ልጅ ይመስል "እስቲ ይድገሙት" አላቸው።

የሽቦ ማሳለፊያውን ክዳን ሲከፍቱት የማራገቢያው ወፍራም ገመድና የመለኪያው ቀጭን ሽቦ ጎን ለጎን ተኝተው፣ በየስንዝሩ በነጭ ማሰሪያ ጥፍር ብለው ታስረዋል።

"የዚህን ሞተር ፍጥነት የሚቀይረው መቆጣጠሪያ ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠ ነው የሚልከው" አሉ ጋሽ ምንውየለት። "በዚህ የተነሳ ወፍራሙ ገመድ ይጮሃል፤ እኛ አንሰማውም። ቀጭኗ ግን ጆሮዋ ሥር ታስሮባት እንዴት አትስማ? የሙቀቱን መልእክት ከጩኸቱ ጋር ደባልቃ ታደርሳለች። ለመሆኑ እንዲህ አሳምሮ ያሰራቸው ማን ነው?"

ልሳነወርቅ አንገቱን ደፋ። ባለፈው ወር ጎብኚዎች ሊመጡ ሲሉ፣ የተዝረከረከ ሽቦ ለእንግዳ አላሳይም ብሎ፣ እሁድ ዕለት መሰላል ላይ ወጥቶ በገዛ እጁ ያሰራቸው እሱ ነበር።

ማሰሪያዎቹን ቆረጡ፤ ቀጭኑን ሽቦ በማዶው ግድግዳ አሳለፉት። ማራገቢያው ተነሳ። መለኪያው ስድሳ እንዳለ ቀረ።

"ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?" አላት እታፈራሁን።

"ሁለተኛውን መለኪያ ሲያስቀይሩ ነግሬዎት ነበር፤ ሦስተኛውንም ሲያስቀይሩ ነግሬዎት ነበር።"

ልሳነወርቅ ደብዳቤውን ከኪሱ አወጣና ሠራተኛው ሁሉ እያየ ቀደደው። "ያሰርኳቸው እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ" አላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ማሽን በቆመ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀው አጠገቡ የቆመውን ሠራተኛ ነው።

ወዳጆቼ፣ አንድ ሰው ቃሉ ሲዛባ እሱን ቀይረን ሌላ እናመጣለን፤ ሌላውም ሲዛባ እንገረማለን። ከመፍረዳችን በፊት አጠገቡ ማን እየጮኸበት እንደሆነ ብንጠይቅ፣ ከጩኸቱ ጋር ያሰረውንም እጅ ብንፈልግ ኖሮ ስንቱ ከመባረር በዳነ ነበር። እርስዎስ፣ "አበደ" ብለው የተዉት ሰው አለ? አጠገቡ ምን እንዳሰሩበት አይተዋል?