ቅርፊት የማይነሣበት ደጅ

ተረት ተረት ስል «ጆሯችን ክፍት» በሉኝ።

አራዊት በአንድ ተራራ፣ ይታረምልኝ፣ በአንድ ኮረብታ ላይ ትምህርት ቤት ነበራቸው። ኤሊዎች ቅርፊታቸውን ተሸክመው መንገዱ ስለሚከብዳቸው በመግቢያው ፈተና ጥቂት ይታሰብላቸው ነበር። ሚዳቋ ግን ከሰሰች፤ ከሰሰች ከምል አቤት አለች ብል ይሻላል፤ «ልጄ በሌላው ቅርፊት ምክንያት ቦታ አጣች» አለች።

ዳኛው ጉሬዛ፣ «ከእንግዲህ ቅርፊት አይታይም፣ ስሙም አይነሣም። ሁሉም ያሳለፈውን ብቻ ይናገር» ብሎ ፈረደ።

በማግስቱ ሕግ አክባሪ የሆነች አንዲት ኤሊ ለፈተና ቀረበች። ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችው ክፍል ከበሩ ወዲያ ይታያታል፤ ስለ ቅርፊቷ አንድ ቃል ቢያመልጣት ግን ከደጅ መመለሷ ነው። ፈታኟ ጦጣ ደግሞ ወሬ ሳይጨርሱላት እንቅልፍ የማይወስዳት ነበረች።

«በይ እኅቴ፣ ያሳለፍሽውን ንገሪኝ።»

«ሜዳችን በእሳት ተያያዘ፣ እትዬ ጦጣ። ጎረቤቶቼ ሁሉ ሮጠው አመለጡ። እኔ መሮጥ ስለማልችል ነበልባሉ መካከል ቀረሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በምን እንደተረፍሁ እንዳልናገር ሕግ ከልክሎኛል።»

ጦጣ ራሷን አከከች፤ ጅራቷን ጠመዘዘች፤ ግራ ቀኙንም አየች። በመጨረሻ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና፣ «ሕጉ የደጅ ነው። ግቢና ውስጥ ትጨርሽልኛለሽ» አለች።

ከኋላ ሆና ጆሮዋን ቀስራ ታዳምጥ የነበረችው ሚዳቋም ጠጋ አለች።

«ይግባኝ አልልም» አለች፤ «ብቻ እኔ ሳልገባ እንዳትጀምሩ።»

ተረቴን መልሱልኝ፤ የተሳሳትሁትንም አርሙልኝ።